በአባል አፍ የወጣ ቃል

(በአዲስ ከተማ በተካሄደው የማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ የፖለቲካ ፓርቲዎች ከገዛ አባሎቻቸው አፍ ውዝግብ የሚያስነሣ ቃል ሲወጣ ምን እንደሚያደርጉ የሚመለከት ነው። አንድ የሕንፃ መሐንዲስ ስለ ፓርቲ ምን ያገባዋል የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችሁ ልብ ውስጥ እንደሚመላለስ ይገባኛል። መልሱ አጭር ነው። ዛሬ ከምሳ በኋላ በምንወያይበት የመተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ ረቂቅ ውስጥ አባላት በአደባባይ ስለሚናገሩት ቃል የሚደነግግ አንድ አንቀጽ አለ። ያን አንቀጽ የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሁን ከፊታችሁ የቆምሁት ግን ልደግፈው አይደለም።

የነገሩን መነሻ አብዛኞቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ ብዙ ነጋዴዎች ጥሪታቸውን ባጡበት ሰሞን፣ ከመካከላችን አንድ ባልደረባ በሬዲዮ ቀርቦ የእሳት አደጋ መኪና ስለማያስገቡ መተላለፊያዎች፣ ከአቅማቸው በላይ ስለሚጫኑ የኤሌክትሪክ መስመሮችና በጣራ ላይ ስለሚደረቡ የቆርቆሮ መጋዘኖች አስረዳ። በመጨረሻም «ቦታውን ሳናይ በወረቀት ላይ የምንፈርም መሐንዲሶችም ከተጠያቂነት አናመልጥም» የሚል ቃል ጨመረበት። ያች የመጨረሻዋ ቃል ናት ቁጣ ያስነሣችው። ማኅበሩን አዋረደ ተባለ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ተጻፈለት። እኔና ሁለት ባልደረቦቼም እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም አንቀጽ እንድንቀርጽ ታዘዝን። «የማኅበሩን ስምና ክብር የሚያጎድፍ ንግግር ያደረገ አባል በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ውሳኔ ከአባልነት ይሰረዛል» ብለን ጻፍን። አንድ ማኪያቶ ጠጥተን ሳንጨርስ ሥራው አለቀ። ያን ያህል ቀላል መሆኑ ራሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር፤ ያጠራጠረኝ ግን ዘግይቶ ነው።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ አዲስ ከተማ ነው። አባቴ በሸማ ተራ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ሥራ እስካገኝ ድረስ በሱቁ እውል ነበር። በ2006 ዓ.ም. የካቲት ወር ገደማ አንድ የድምፅ ቅጂ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ በመርካቶ ይዞር ጀመር። በዚያን ጊዜ ከብአዴን ከፍተኛ አመራሮች አንዱ የነበሩት አቶ አለምነው መኮንን በዝግ ስብሰባ ላይ ስለ አማራ ሕዝብ ተናገሩት የተባለው ቃል ነው። ቃሉን እዚህ አልደግመውም። ሕዝቡን በባዶ እግሩ መሄዱንና ትምክህተኝነቱን አንሥቶ የሚያንቋሽሽ መሆኑን መግለጽ ይበቃል። ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ የአባቴ ደንበኛ የገዛውን አቡጀዲ በብብቱ ሸጉጦ ቅጂውን ሁለት ጊዜ አስደግሞ ሰማው። ከዚያም ማንንም ሳያይ «ይሄን ሰውዬ የሚቆጣው የለም?» ብሎ ጠየቀ። በሱቁ ውስጥ የነበርን ሁላችንም ዝም አልን።

የዚያ ሰው ጥያቄ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። የሚቆጣስ አልጠፋም። የካቲት 16 ቀን 2006 ዓ.ም. አንድነትና መኢአድ በባሕር ዳር ሰላማዊ ሰልፍ ጠርተው ብዙ ሕዝብ ወጣ። ነገር ግን ደንበኛው የጠየቀው ስለ ተቃዋሚዎች አልነበረም። ከቤቱ ማን ይቆጣዋል ማለቱ ነበር። ከቤቱ ለሕዝብ ጆሮ የደረሰ ቁጣ አልነበረም። ባለሥልጣኑም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በድርጅቱ አመራር ውስጥ ቆዩ።

ይህ ዝምታ የመሣሪያ እጦት ያመጣው አልነበረም። የኢሕአዴግ ድርጅቶች የአባልን ቃልና ጠባይ መመርመሪያ የሚሆን ከማንም ፓርቲ የበለጠ የተሳለ መሣሪያ ነበራቸው፤ ግምገማ ይባላል። ከበረሃ ዘመን ጀምሮ የዳበረ፣ ከቀበሌ እስከ ማዕከላዊ ኮሚቴ የሚሠራ፣ አንድ ሰው በጓዶቹ ፊት ቆሞ ሂስና ግለ ሂስ የሚያደርግበት ሥርዓት ነው። ከዚህ ጋር ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የተባለው መርሕ ነበረ። በስብሰባ ውስጥ ተከራከር፤ ውሳኔ ከተላለፈ በኋላ ግን በአንድ አፍ ተናገር ይላል። ይህ መሣሪያ ሲያስፈልግ ምን ያህል እንደሚቆርጥ በ1993 ዓ.ም. አይተናል። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር ሕወሓት ለሁለት ሲከፈል አቶ ስዬ አብርሃን፣ አቶ ተወልደ ወልደ ማርያምንና አቶ ገብሩ አሥራትን የመሳሰሉ አንጋፋ ታጋዮች ከሊቀ መንበሩ ጋር ባለመስማማታቸው ከአመራር ወጡ። በሰኔ ወር ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በድርጅታቸው አካሄድ ባለመስማማት ስብሰባ ጥለው ወጡ፤ ከኦሕዴድም ከኢሕአዴግም ተሰናበቱ። የዶክተር ነጋሶ ነገር በዚህ አላበቃም። በ1994 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው የፕሬዚዳንቱን አስተዳደር የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 255 ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። እሳቸውም በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በደምቢ ዶሎ በግላቸው ተወዳድረው ሲያሸንፉ ለቀድሞ ርዕሰ ብሔር የሚሰጠውን መኖሪያ ቤትና ጥቅማ ጥቅም አጡ።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ ልኬት ይታየናል። ቃሉ የሊቀ መንበሩን ወንበር ከነካ ምርመራው በቀናት ውስጥ ይጀመራል፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ቃሉ የነካው ከአዳራሹ ውጭ ያለውን ሕዝብ ከሆነ ግን ነገሩ እስኪበርድ ይጠበቃል። በሙያችን ቋንቋ ልናገርና፣ በአሮጌ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ስናይ በላዩ ስስ መስታወት በጀሶ ለጥፈን ቀኑን እንጽፍበታለን። መስታወቱ ከተሰበረ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው። ብልህ ያልሆነ የቤት ባለቤት ግን ስንጥቁን ቀለም ይቀባዋል፤ መሐንዲሱንም ግድግዳዬን አሰደብኸው ብሎ ይከሰዋል። በ2006 ዓ.ም. የተለጠፈው መስታወት መሰበሩን ለማወቅ እስከ 2008 ዓ.ም. ክረምት መጠበቅ ብቻ ነበር ያስፈለገው፤ በዚያ ክረምት በጎንደርና በባሕር ዳር የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የ2008 ዓ.ም. ተቃውሞ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንድ ንግግር አመጣው አልልም። ድርጅቱ ግን ከሁለት ዓመት በፊት ቁጣውን በአደባባይ ሰምቶ በአደባባይ የሚመልስበት ዕድል በእጁ ነበረ።

ይህ ጠባይ በኢሕአዴግ አልተጀመረም። ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ አባላት በተሻለ ያውቁታል፤ እኔ ከመጻሕፍትና ከአባቴ ጓደኞች ነው የሰማሁት። በኢሕአፓ ውስጥ ጌታቸው ማሩና ብርሃነ መስቀል ረዳ የከተማውን የትጥቅ ትግል አካሄድ በመቃወማቸው «አንጃ» የሚል ስም ወጣላቸው። ጌታቸው በ1969 ዓ.ም. በገዛ ድርጅቱ እጅ ሳለ ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ከድርጅቱ ተለይቶ ሸሽቶ ከቆየ በኋላ በደርግ እጅ ወድቆ በ1971 ዓ.ም. ተገደለ። «አንጃ» የምትለው ቃል ክርክርን ወደ ወንጀል ለመለወጥ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነች ልብ በሉ። እኛ በረቂቃችን ውስጥ «የማኅበሩን ስም የሚያጎድፍ» ያልነው ሐረግም ከዚህች ቃል ጋር ሲነጻጸር ረዘም ይላል እንጂ ዘሩ አንድ ነው።

ተቃዋሚዎቹንም ያለ ነገር አላልፋቸውም። በ2001 ዓ.ም. መግቢያ የአንድነት ፓርቲ ሊቀ መንበር ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በስዊድን ለኢትዮጵያውያን ሲናገሩ በ1999 ዓ.ም. ከእስር የተፈቱበትን ይቅርታ አስመልክተው የሰጡት ቃል ውዝግብ አስነሣ። መንግሥት ቃልሽን አስተባብዪ አላቸው። እሳቸው «ቃሌ» በሚል ርዕስ በጽሑፍ አቋማቸውን አጸኑ። ታኅሣሥ 19 ቀን 2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ተመለሰባቸው፤ መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. እስኪፈቱ ድረስም በወኅኒ ቆዩ። ፓርቲያቸው አልካዳቸውም፤ ይህ ለፓርቲው ክብር ነው። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ፤ ብርቱካን ቀደም ሲል ዳኛ ሳሉ አቶ ስዬ በዋስ እንዲፈቱ ያዘዙ ሴት ናቸው። አቶ ስዬም ከእስር ወጥተው ወደ ፖለቲካ ሲመለሱ የገቡት ወደዚያው ወደ ብርቱካን ፓርቲ ነው። አገራችን እንዲህ ያለ ታሪክ የምትጽፍ አገር ናት። ነገር ግን ያው አንድነት፣ ሊቀ መንበሩ በእስር ላይ ሳሉ፣ «መርህ ይከበር» ብለው ከተነሡ አባላቱ ጋር የገባውን ክርክር በእገዳና በስንብት ደመደመው። መንግሥት ቃልሽን ዋጪ ሲል የተቆጣ ፓርቲ የራሱን ሰዎች ቃላችሁን ዋጡ ለማለት አልከበደውም።

ከቅርቡ ዘመን አንድ ምሳሌ ልጨምር። መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከበረው የኢሬቻ በዓል ላይ የኦሮሚያ ክልል አስተዳዳሪ አቶ ሽመልስ አብዲሳ «ነፍጠኛ» የሚለውን ቃል አንሥተው ያደረጉት ንግግር በብዙ ሰዎች ዘንድ ቅሬታ ፈጠረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ደግሞ በዝግ ስብሰባ የተናገሩት ነው የተባለ ሌላ ቅጂ ወጣ። በሁለቱ ንግግሮች መካከል ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተመሥርቷል። የፓርቲው ስም ተለወጠ፤ ለሕዝብ የተገለጸ ምርመራና ቅጣት ግን አልነበረም። አስተዳዳሪውም በሥልጣናቸው ቀጠሉ። እኔ እዚህ ላይ ይቀጡ ወይም አይቀጡ አልልም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። አንድ ፓርቲ «ይህ ቃል የእኛ ነው» ወይም «ይህ ቃል የእኛ አይደለም» ካላለ፣ አድማጩ ለራሱ ይወስናል፤ ሁልጊዜም የሚወስነው የከፋውን ነው።

በሌላው ዓለምስ? በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. አፕሪል 20 ቀን 1968 የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ኢኖክ ፓወል በበርሚንግሃም ስለ ስደተኞች የጥላቻ ንግግር ሲያደርግ፣ የፓርቲው መሪ ኤድዋርድ ሂዝ በማግሥቱ ከጥላ ካቢኔው አስወጡት። ከምክር ቤት አባልነቱ ግን አላስወጡትም፤ ያን የመረጠው ሕዝብ ነውና። ፈጣንና ልክ ያለው ቅጣት ነበር። ወደ አፍሪካ ስንመለስ የደቡብ አፍሪካው ኤ.ኤን.ሲ. የወጣት ሊግ መሪውን ጁሊየስ ማሌማን የቦትስዋናን መንግሥት ለማስለወጥ እንሠራለን በማለቱና በሌሎችም ምክንያቶች ከሰሰው። ክሱ በጽሑፍ ተሰጠው፤ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ተከራከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ታገደ፤ ሲሪል ራማፎሳ በሚመሩት የይግባኝ ኮሚቴ ፊትም ጉዳዩ ታየለት፤ በ2012 ተሰናበተ። በማግሥቱ ዓመት የራሱን ፓርቲ አቋቁሞ በ2014 ምርጫ 25 መቀመጫዎች አገኘ። ይህን የሚሰሙ አንዳንድ ወዳጆቼ እንግዲህ ሥርዓቱ ምን ጠቀመ ይላሉ። እኔ ግን የጠቀመው ይህ ራሱ ይመስለኛል። ሰውዬው በሕይወት አለ፤ ፓርቲውም አለ፤ መራጩም የትኛው ቃል የማን እንደ ሆነ አውቆ መረጠ።

በእኛም አገር ሕጉ ከልማዱ የተሻለ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናው ተገዢ ነው። በምክር ቤት በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት ምክንያት አይከሰስም፤ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም። ከሦስቱ መካከል «ለፓርቲው» የሚል አለመኖሩን ልብ ይሏል። በሌላ በኩል የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ስለዚህ ህሊናን የሚጠብቅ ሕግም፣ ሕዝብን ከስድብ የሚጠብቅ ሕግም አለን። የጎደለው በሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ ይኸውም ፓርቲው ወይም ማኅበሩ ራሱ የሚጠቀምበት፣ ከፍርድ ቤት በፊት የሚመጣ ሥርዓት ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ከዚህ አዳራሽ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብንሄድ እናገኘዋለን። አባቴ የሸማ ተራ እቁብ ጸሐፊ ነበሩ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የእቁቡ አባል በሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ሌላው አባል «የወሰደውን አይከፍልም» አለ ተብሎ ተወራ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ጅምላ ሻጩ ዱቤ ያቆማል፤ ባለ ዱቤው ሁሉ በአንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ይሰለፋል። እሑድ እቁቡ ሲሰበሰብ ዳኛው መጀመሪያ የጠየቁት «በገዛ ጆሮው የሰማ ማን ነው?» የሚል ነበር። ሁለት ሰዎች ብቻ ተነሡ። ከዚያም ተናጋሪውን «ያልኸውን እንዳልኸው ድገመው» አሉት። እርሱም «ልጁ ታሞበት ሱቁን ከዘጋ ሰነበተ፤ እሰጋለሁ ነው ያልሁት» አለ። ሁለቱም መሰከሩለት። የተባለውና የተወራው እንዲህ የተራራቁ ነበሩ።

ዳኛው ተናጋሪውን ሥጋቱን ለእቁቡ ሳይሆን ለሻይ ቤት በመንገሩ አነስተኛ መቀጮ ጣሉበት። መቀጮው በአባቴ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ከእቁቡ መጀመር በፊት ተጽፎ ስለ ነበር ማንም አልተከራከረም። በዚህ ግን አላበቁም። ዋሱን ጠርተው የሰውየውን ሁኔታ አይቶ እንዲመጣ ላኩት። ሥጋቱ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ሰውየው በእርግጥ ተቸግሮ ነበር። እቁቡም የመክፈያ ጊዜ ሰጠው። ይህን ጉዳይ አባቴ ማታ ቤት ሲያጫውቱን እኔ የገረመኝ አንድ ነገር ነበር፤ የተቀጣው ሰው እውነት ተናግሮ ነበር፤ እውነት መናገሩን ያረጋገጡትም የቀጡት ራሳቸው ናቸው።

እቁብ ፓርቲ አይደለም፤ በእቁብ ውስጥ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ በእቁብ ውስጥ ማንም በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሊሰድብ አይችልም። ይህን አልረሳሁም። ነገር ግን ያ ዳኛ በአንድ እሑድ ጠዋት ያደረጉትን በጠቀስኋቸው የአገራችን ድርጅቶች ውስጥ አላየሁም። ቃሉ ምን እንደ ነበር አጣሩ፤ ተናጋሪውን ፊት ለፊት ሰሙ፤ አስቀድሞ በተጻፈ ልክ ቀጡ፤ ከሁሉም በላይ ቃሉ የጠቆመውን ነገር ሄደው አዩ።

በእኛ ጉዳይ ያላደረግነውም ይህንኑ የመጨረሻውን ነው። ባልደረባችን ሳናይ እንፈርማለን አለ። እኛ ቃሉ ስማችንን ማጉደፉን እንጂ እውነት መሆን አለመሆኑን አልመረመርንም። ለራሴ ልመስክር። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት እዚሁ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ በተጨመረ አንድ ደርብ ሥዕል ላይ የታችኛውን ምሰሶ ሳላይ ፈርሜያለሁ። አሠሪዬ ቸኩሎ ነበር፤ እኔም ወጣት ነበርሁ፤ ደመወዜንም እፈልገው ነበር። ሕንፃው እስከ ዛሬ ቆሟል። በዚያ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየዋለሁ። እንግዲህ ባልደረባችን በሬዲዮ የተናገረው ስለ እኔ ነበር ማለት ነው፤ እኔም በምላሹ እርሱን የሚያሰርዝ አንቀጽ ጻፍሁ።

ስለዚህ በረቂቁ ምትክ ሌላ አንቀጽ ጽፌ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ። በእርሱ መሠረት ክስ የሚቀርበው የንግግሩ ሙሉ ቅጂ ወይም ጽሑፍ ከተገኘ ብቻ ነው። ተከሳሹ ሳይሰማ ምንም አይወሰንም። የሚመረምሩት ሥራ አስፈጻሚዎቹ ሳይሆኑ በዚህ ጉባኤ የሚመረጡ አምስት አባላት ናቸው፤ ይግባኙም ለዚሁ ጉባኤ ነው። አንድ አባል ሕዝብን ወይም ወገንን የሚሰድብ ቃል ቢናገር ማኅበሩ በሳምንቱ ውስጥ በስሙ ወጥቶ ቃሉ የእርሱ አለመሆኑን ይናገራል፤ ምርመራው እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለ ሕንፃ ደኅንነት በቅን ልቡና የተሰጠ የሙያ አስተያየት ግን ማንንም ቢያስቆጣ የክስ ምክንያት አይሆንም፤ ይልቁንም ማኅበሩ የተባለውን ነገር ሄዶ የማየት ግዴታ አለበት።

አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ይህን ሲያነቡ «እንግዲህ ስማችንን የምንጠብቅበት ምን ቀረ?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በሬዲዮ የተነገረ ነገር ለባለ ሥራው ሁሉ ይደርሳል፤ ሥራ ያጣ አባልም አለ። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ያለኝ አስተያየት ባልደረባችን መጀመሪያ ወደዚህ አዳራሽ ቢመጣ የሚሰማው ጆሮ ያገኝ ነበር ወይ የሚል ነው። ካለፉት ዓመታት ቃለ ጉባኤዎች ያገኘሁትን አንብቤያለሁ። ስለ መርካቶ መተላለፊያዎች አንድ ጊዜ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ ተብሏል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ላይ የለም።

ሌላም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ለባልደረባችን የተሰጠው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የተጻፈው ምንም ዓይነት አንቀጽ ሳይኖር ነው። እርሱ አሁን በዚህ አዳራሽ ከኋላ መደዳ ተቀምጧል፤ እንድናገርለት አልጠየቀኝም። በደንቡ ላይ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ደብዳቤው እንዲነሣ ጉባኤው እንዲወስን ሐሳብ አቀርባለሁ። ደጋፊ ካለ እጁን ያውጣ።